ይቅር ከተባልኩ ለምን ትዝ ይለኛል? ስለ ድሮ ጥፋት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ንስሐ ገብተን፣ ጸልየን፣ አልቅሰን ሁሉ፣ ማታ ጋደም ስንል ያ የድሮ ጥፋት እንደ አዲስ የሚመጣብን ብዙ ነን። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ ሸክም ስለ ይቅርታ በልማድ ከያዝነው ነገር የሚመጣ ነው።

"በእውነት ይቅር ብሎኝ ቢሆን ትዝ አይለኝም ነበር"

ከሁሉም ይሄ ይብሳል። ሚክያስ 7፥19 ላይ እግዚአብሔር ኃጢአታችንን ወደ ባሕር ጥልቅ ይጥለዋል ይላል፣ የኛ ጭንቅላት ፎርማት ይደረጋል ግን አይልም። በኋላዬ ያለውን እረሳለሁ ያለው ጳውሎስ ራሱ እዛው ፊልጵስዩስ 3 ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ቤተክርስቲያንን ማሳደዱን ጽፏል እኮ፣ ደግሞ ከኋላው የተወው ውስጥ የሚመካበት ዘሩም አለበት (ይሄን ማንም አያነሳውም)።

ጴጥሮስንም እዩት። ዮሐንስ 18 ላይ ብርድ ነበር፣ ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ሲሞቁ እሱም አብሯቸው ቆሞ እየሞቀ የኢየሱስ ደቀ መዝሙር አይደለሁም አለ። ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ከጀልባ ወርዶ ባሕር ዳር ሲደርስ ምን ጠበቀው? ፍም፣ ላዩ ላይ ዓሣ። ያ የከሰል ሽታ አፍንጫው ሲገባ ያቺ ሌሊት ትዝ ሳትለው የቀረች አይመስለኝም። ጌታም ቁርስ ካበላቸው በኋላ ሦስቴ ትወደኛለህ ወይ አለው፣ ሦስት ጊዜ ለካደው ሰውዬ ሦስት ጊዜ፣ በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ ይላል፣ ቢሆንም በጎቼን አሰማራ የተባለው እዛው ፍሙ አጠገብ ነው።

"ራሴን በቀጣሁ ቁጥር ንስሐዬ እውነተኛ ይሆናል"

ይሁዳም ተጸጽቷል፣ 30ውን ብር ሳይቀር መልሷል። ግን ጸጸቱን ይዞ የሄደው ወደ ካህናቱ ነው፣ እነሱ ደግሞ እኛ ምን አገባን ብለው መለሱት። ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ ለምትሉም 1ኛ ዮሐንስ 3፥20 ልባችን ቢፈርድብን እንኳ እግዚአብሔር ከልባችን ይበልጣል ይላል፣ የመጨረሻው ዳኛ እናንተ አይደላችሁም።

"ይቅር ካለኝ መዘዙም ይነሳልኛል"

ዳዊት ነቢዩ ናታን እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል ባለው በዛው ንግግር ልጁ እንደሚሞት ተነግሮታል (2ኛ ሳሙኤል 12)። መዘዙ ስላልተነሳ ይቅርታው ቀረ ማለት አይደለም።

"ጌታን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ከሰውየው ጋር ምን አገናኘኝ"

ማቴዎስ 5፥23 እና 24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ይላል፣ ቀራጩ ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ በልቤ አዝኛለሁ ብሎ አላለፈውም። መቅረባችሁ ያንን ሰው መልሶ የሚጎዳው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔ ግን እንደዛ የሚል ሰበብ አልነበረኝም። አንድ ጓደኛዬን ሰው ፊት አዋርጄው ሁለት ዓመት ሙሉ ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ እያልኩ ስጸልይ ስልኩ ኮንታክቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፣ አንድ ቀን ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ዝም አለ። ከዛ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ለእግዜር ስትነግረው ለኔ መንገር እንዴት አቃተህ?" አለኝ። አሁንም እንደ ድሮው አይደለንም፣ ቴክስት ሳደርግለት ግን ይመልሳል።