ስለ ሴቲ አት ሆም የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1999 የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለዓለም ሕዝብ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ ኮምፒውተራችሁ ሥራ ሲፈታ ከምድር ውጪ ያሉ ፍጡራንን ለምንፈልግበት ስሌት አውሱን አለ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እሺ አለ። ፕሮጀክቱ ሴቲ አት ሆም ይባላል። እስከዛሬ ስለሱ የሚወራው ብዙ ነገር ግን ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ኮምፒውተሩ ራሱ ሰማይ ያዳምጣል»

አያዳምጥም፣ ወደ ሰማይም ምንም አይልክም። ያዳምጥ የነበረው ፖርቶ ሪኮ ያለው፣ 305 ሜትር ስፋት የነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቅጂው በቴፕ ተጭኖ ወደ በርክሌይ ይላክ ነበር። እዚያ ይቆራረጥና ቁራጩ በኢንተርኔት ቤትህ ይመጣ ነበር። አንዱ ቁራጭ 107 ሰከንድ ገደማ ነበር፣ ግማሽ ሜጋባይት እንኳን አይሞላም ነበር።

«ምን እንደሚፈልጉ አያውቁም»

በደንብ ያውቃሉ! እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። የአሬሲቦ ሳህን መሬት ላይ የተተከለ ስለነበር አይዞርም ነበር፤ የምትዞረው ምድር ናት፣ ስለዚህ አንድ የሰማይ ነጥብ በቴሌስኮፑ እይታ ውስጥ አልፎ ለመውጣት 12 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ነጥብ የመጣ ምልክት እየጠነከረ ይሄድና ተመልሶ ይደክማል፣ ያውም በዚያችው 12 ሰከንድ ውስጥ። የኛው ራዳርና ሳተላይት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ከዚያ ደግሞ ምድርም የምልክቱ ምንጭም ስለሚንቀሳቀሱ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል። በምን ፍጥነት እንደሚንሸራተት አስቀድሞ ስለማይታወቅ እያንዳንዱን አማራጭ መሞከር ግድ ነው። ያን ሁሉ ኮምፒውተር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

«አግኝተው ደብቀዋል»

በ2004 ስለ አንድ ምልክት ብዙ ተወርቶ ነበር። ወሬውን ያበረዱት የፕሮጀክቱ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ናቸው። ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ለማመሳከር ከአንድ በላይ ሰው ጋ ይላክ ነበር፣ የፕሮግራሙ ኮድም በኋላ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ምኑን ይደብቁታል?

«በ2020 ስለቆመ ከንቱ ልፋት ነበር»

ይሄ ያናድደኛል። በ2020 የቆመው አዲስ ሥራ ማከፋፈሉ ብቻ ነው። ሕዝቡ በኮምፒውተሩ የለቀማቸው 12 ቢሊዮን ገደማ ምልክቶች ለዓመታት ሲጣሩ ቆይተው ወደ 100 ወርደዋል። እነዚህን እንደገና ለማየት ደግሞ 500 ሜትር ስፋት ያለው የቻይናው ፋስት ቴሌስኮፕ ሥራ ላይ ውሏል፣ ምክንያቱም አሬሲቦ በዚያው በ2020 መጨረሻ ፈርሷል። አንድ ምልክት ዳግም ካልታየ ማንም አያምነውም፤ ልፋቱ ፍሬ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

«አሁን ተራ ሰው የሚሳተፍበት የለም»

አለ እንጂ። የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዙኒቨርስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሌላ በር ከፍቷል። አሜሪካ ባለው የግሪን ባንክ ራዲዮ ቴሌስኮፕ የተያዙ ምልክቶች በሥዕል ይቀርቡልሃል፣ አንተ በዓይንህ አይተህ ትለያለህ። ኮምፒውተሬን ነው ማዋስ የምፈልገው የምትል ከሆነ አይንስታይን አት ሆም አለልህ። እሱ የሚፈልገው ፍጡራንን ሳይሆን ፑልሳር የሚባሉትን በፍጥነት የሚሽከረከሩ ኮከቦች ነው። በ2010 ተራ ሰዎች ባዋሱት ኮምፒውተር አንዱን አግኝቷል።