«ከአፍ የወጣ አፋፍ»፦ የተላከ መልእክት ይመለሳል ወይ?

አፋፍ የገደል ወይም የተራራ ጫፍ ነው። ደጋ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ አፋፍ ላይ ቆመው ሲጣሩ ድምፅ ቆላ ድረስ ይወርዳል፤ ማን ማን እንደሰማው ግን ተጣሪው አያውቅም። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» መባሉም ቃል አንዴ ከተነገረ ከተናጋሪው ቁጥጥር ውጭ ርቆ ስለሚሄድ ነው። ምስጢር ሊያወጣ የተቃረበን፣ በንዴት ሊናገር የተነሣን ሰው ለመምከር ይነገራል።

ብዙዎች «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ከሚለው ጋር አንድ ያደርጉታል። እኔ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ይመስለኛል። የፈሰሰው ውሃ አለቀ። ቃሉ ግን አላለቀም፤ ሰሚው ዘንድ አለ፣ ሰሚውም በሰማው ተነሥቶ ሌላ ነገር አድርጓል፣ ለሌላም ነግሯል። መመለሱን የሚያከብደው ይህ ነው።

ኮምፒውተር ላይም ችግሩ ይኸው ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ለስልክ ማዞሪያዎች ታስቦ የተጀመረውን ኤርላንግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ እንውሰድ። በዚህ ቋንቋ ብዙ ፕሮሰሶች፣ ማለትም የየራሳቸውን ሥራ የሚያከናውኑ የፕሮግራሙ ክፍሎች፣ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የሚነጋገሩትም በመልእክት ነው። ስህተት ሲፈጠር ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሳት ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ የመልእክቶቹ አደራረስ ቅደም ተከተል ይለወጥና ስህተቱ ይሰወራል። ስለዚህ ከተበላሸበት ቦታ ወደ ኋላ መራመድ ያስፈልጋል። ግን በየትኛው ቅደም ተከተል? ሁሉንም የሚገዛ አንድ ሰዓት የለም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ቫንሳን ዳኖስና ዣን ክሪቪን በ2004 እ.ኤ.አ. መልሱን በሒሳብ አስቀመጡት፦ አንድ ድርጊት የሚቀለበሰው ያስከተለው ሁሉ አስቀድሞ ሲቀለበስ ነው። ፕሮሰስ «ሀ» ለ«ለ» «500 ብር ገቢ አድርግ» ብሎ ላከ እንበል። «ለ» ሒሳቡን ጨመረ፣ ለ«ሐ»ም አሳወቀ። ይህን ለመመለስ መጀመሪያ «ሐ» ማሳወቂያውን እንዳልተቀበለ ይሆናል፤ «ለ» የላከውን ያነሣል፣ ሒሳቡን ወደ ነበረበት ይመልሳል፣ የ500 ብሩንም መልእክት ወደ መልእክት ሣጥኑ ይከታል። «ሀ» መልእክቱን ከዚያ የሚያነሣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በጉዳዩ የሌለበት «መ» ሥራውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ቅደም ተከተሉ የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በምክንያትና በውጤት ነውና። ለእኔ የዚህ አሠራር ውበቱ እዚህ ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የቀረበው ካውደር የተባለ የኤርላንግ ስህተት ማፈላለጊያ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ያለፈበትን እርምጃ ሁሉ መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ይህም ሜሞሪ ይበላል። መልእክቱ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ሰው ጋ ከደረሰ ደግሞ፣ ለምሳሌ ኤስኤምኤስ ሆኖ ደንበኛው ስልክ ላይ ከተነበበ፣ መዝገቡ አይመልሰውም። የሚቻለው ማካካስ ብቻ ነው፤ «በስህተት የገባው 500 ብር ተመላሽ ሆኗል» የሚል ሁለተኛ መልእክት ይላካል።