ጥጥ ማኅበር፦ የድሬዳዋው የፋብሪካ ቡድን

ጥጥ ማኅበር በድሬዳዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥር የነበረ የእግር ኳስ ቡድን ነው። ከ1960 እስከ 1965 ባለው ጊዜ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። አፍሪካ የክለቦች ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዘጋጅ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ እሱ ነበር። ይህን ዛሬ ለአንድ የድሬ ልጅ ብትነግሩት «አቦ ተው!» ይላችኋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ። በእኛ የምቆጥርበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።)

ቡድኑ እንዲረሳ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ስሙ ይመስለኛል። የውጭ አገር የውጤት መዛግብት «ኮተን ፋክተሪ» ይሉታል። በአማርኛ ጥጥ ማኅበር ነው። ፋብሪካውን የከተማው ሰው ኮተኒ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ብሎ ይጠራዋል። አንዱን ስም ይዞ የሚፈልግ ሰው የታሪኩን ቁራጭ ብቻ ያገኛል። በአንዱ ስም ዋንጫውን ያያል፤ በሌላው ስም ተጫዋቹን ይሰማል፤ ሁለቱ አንድ ቡድን መሆናቸውን ግን ላያውቅ ይችላል።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድና ውድ ሆኖ ሲገኝ ጣቢያው ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ደቻቱ መሃሏን ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው። ለልጅ ደግሞ ደረቅ አሸዋና የጨርቅ ኳስ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ባቡሩን ተከትለው የጥገና ጋራዡ፣ የሲሚንቶው ፋብሪካ፣ የጥጡ ፋብሪካ መጡ። ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ቡድን ነበር።

ይህ የድሬ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ትልልቅ ቡድኖች የሚበዙት የመሥሪያ ቤት ነበሩ። ጦሩ የራሱ ቡድን ነበረው፤ ቴሌም እንዲሁ። ዛሬ እንደምናየው ዓይነት የፊርማ ገንዘብ አልነበረም። ኳስ የሚችል ልጅ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ቋሚ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዋንጫውን የጦሩና የኤርትራ ቡድኖች፣ በመጨረሻም ቴሌ ሲወስዱት ቆይተዋል። በ1960 ጥጥ ማኅበር አሸነፈ። በ1961 ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰደው፤ እሱም የድሬዳዋ ነው። በ1962 እና በ1963 ጥጥ ማኅበር፣ በ1964 እንደገና ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1965 እንደገና ጥጥ ማኅበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከድሬ አልወጣም። የጥጥና የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኞች እየተቀባበሉ ያዙት ማለት ነው። በ1966 ቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ ወጥቶ እዚያ 90 ደቂቃ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ጉዞው አለ። እንግዲህ ዋንጫው በምን ዓይነት ሳንባ እንደተገኘ ገምቱ።

ከዚያ ቡድን ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በ1935 አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ኳስን አስመራ ጀመረ፤ ጥጥ ማኅበር ግን ጎልቶ የወጣበት ቤት ሆነ። ቦታው አማካይ ነው። ጨዋታውን ያደራጃል፣ ደግሞ ራሱ ያገባል። ለብሔራዊ ቡድኑ 99 ጎል አግብቷል የሚል ቁጥር በብዙ ቦታ ይጻፋል። ሁሉም ይፋዊ ጨዋታ መሆኑ ያጠራጥራል። ቁጥሩን ግማሽ አድርጉት ቢባል እንኳ ስንት አጥቂ ነው እዚያ የሚደርሰው?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ መጥታለች። ከፊቷ የቆመችው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ናት፤ ማለትም ግብፅ፤ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 እየተመራች ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ሉቻኖ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ፣ የጥጥ ማኅበሩ ልጅ ነው።

ስለዚያ ቀን የሚነገር አንድ ነገር አለ። ሉቻኖ ክልስ በመሆኑ አምበልነቱ ለሌላ እንዲሰጥ የፈለጉ ነበሩ፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ግን እምቢ አሉ ይባላል። እኔ አምነዋለሁ።

ሁለት ዓመት ተኩል አለፈና የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ተጀመረ። የ1964 ውድድር የመጨረሻ ጨዋታዎች የተካሄዱት አክራ፣ ጋና ነው። አራቱ ቡድኖች የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ የጋናው ሪል ሪፐብሊካንስና የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነበሩ። ጥጥ ማኅበር በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫውን በየካቲት 1965 ኦሪክስ ወሰደው። ሽንፈት ነው፤ አልክድም። ግን ዛሬ ክለቦቻችን ከቅድመ ማጣሪያ ሲመለሱ ለምደን፣ ከከዚራና ከመጋላ የተነሳ የፋብሪካ ቡድን አክራ ላይ ከአህጉሩ አራት ምርጦች አንዱ ሆኖ መቆሙ ትንሽ ነገር ነው?

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ደርግ መጣ፣ ፋብሪካዎቹ ተወረሱ፣ የክለቦቹም አደረጃጀት ተቀያየረ። ሉቻኖ አሠልጣኝም ሆኖ ሠርቷል፤ በኋላ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፣ በመስከረም 2022 በ87 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

ዛሬ ከተማዋን በፕሪሚየር ሊግ ያስጠራው ድሬዳዋ ከተማ ነው፤ ብርቱካናማዎቹ። የጥጥ ማኅበርን ዋንጫዎች በእነሱ ስም የሚቆጥር ሰው አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል። ልክ አይደለም። ድሬዳዋ ከተማ በኋላ የመጣ የከተማው ክለብ ነው። እነዚያ አራቱ ዋንጫዎች የፋብሪካው ናቸው።