«ጭስ መውጫ አያጣም» እና ሌሎች ስህተቶች፦ የብረት ምድጃ ፋየርፕሌስ ውስጥ ሲገባ

የግንብ ፋየርፕሌስ (ግድግዳ ውስጥ የተሠራ የክፍት እሳት ማንደጃ) ያለው ቤት የሚኖር ሰው አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። እሳቱ ሲነድ ያምራል፣ ቤቱ ግን አይሞቅም። ፊት ይለበልባል፣ ጀርባ ይበርዳል። ሲነጋ ደግሞ ክፍሉ ከበፊቱ ብሶ ይቀዘቅዛል። ታዲያ በር ያለው የብረት ምድጃ እዚያው ውስጥ ቢቀመጥስ?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ችግሩ ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከተሳሳተ ግምት መሆኑ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ክፍቱ እሳትም ያው ያሞቃል፤ ምድጃው ለመልክ ነው»

ክፍት ፋየርፕሌስ ከእንጨቱ ሙቀት ለክፍሉ የሚያተርፈው ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። ቀሪው በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል። ብቻውንም አይሄድም። እሳቱ የክፍሉን አየር እየሳበ ወደ ላይ ይልከዋል፤ በዚያ ምትክ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር በመስኮትና በበር ስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ ራቅ ያሉት ክፍሎች እሳት እየነደደ ይበርዳቸዋል።

ዘመናዊ ምድጃ ከእንጨቱ ሙቀት 70 በመቶና ከዚያም በላይ ቤት ውስጥ ያስቀራል። ምስጢሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሩ ስለሚዘጋ የሚገባው አየር ልኩ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ምድጃው ጭሱን ራሱን ያቃጥላል። ጭስ ማለት ያልነደደ ነዳጅ ነው። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና ትኩስ አየር ሲያገኝ ይያያዛል። ከእንጨቱ በላይ፣ ምድጃው ጣሪያ ሥር የሚንቀለቀለው ነበልባል እሱ ነው።

«ጭስ ማውጫው አለ አይደል? ምድጃውን ከሥሩ ማስቀመጥ ብቻ ነው»

አደገኛው ስህተት ይህ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ብዙ ሰው ልክ እንዲህ አደረገ። ምድጃውን ገፍቶ ፋየርፕሌሱ ውስጥ አስገባ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ ሸፈነ፣ ጭሱን ወደ ሰፊው ጭስ ማውጫ ለቀቀው። መጀመሪያ ላይ የሠራ ይመስላል። ውስጥ ውስጡን ግን ጥቀርሻ ይከማቻል።

ለምን? የፋየርፕሌስ ጭስ ማውጫ የተሠራው ለክፍት እሳት ነው። ክፍት እሳት ከጭሱ ጋር እጅግ ብዙ አየር ይልካል፤ ሰፊ ቀዳዳም ይፈልጋል። ምድጃ ግን የሚልከው ጥቂት ጭስ ነው። ቁጥሩን እንየው። የተለመደው ክብ የምድጃ ቧንቧ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀዳዳው 177 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አራት ማዕዘን የሆነ 30 በ30 የግንብ ጭስ ማውጫ ደግሞ 900 ነው። አምስት እጥፍ ማለት ነው። ጥቂቱ ጭስ ያን ሁሉ ቦታ ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ ይንቀራፈፋል፣ ይቀዘቅዛል።

ከ120 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ በውስጡ ያለው እንፋሎትና ቅጥራን ግድግዳው ላይ ይረጋል። ይህ ክሪዮሶት የሚባለው ነው። መጀመሪያ እንደ ጥላሸት ይበናል፤ ሲቆይ እንደ ሬንጅ ጠንክሮ ይጣበቃል። ይነዳልም። አንድ ቀን ምድጃው ሞቅ ብሎ ሲነድ ያ ሁሉ ክምችት በአንዴ ይያያዛል፤ ሙቀቱም ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ደርሶባቸው ያዩ ሰዎች ድምፁን ከጣራ በላይ ከሚያልፍ አውሮፕላን ጋር ያመሳስሉታል።

የሙያው መመሪያ ለዚህ ልክ አበጅቶለታል። ጭስ ማውጫው በቤቱ መሃል የሚያልፍ ከሆነ ቀዳዳው ከምድጃው መውጫ ከሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም። የውጭ ግድግዳ ላይ ያለና ብርድ የሚያገኘው ከሆነ ከሁለት እጥፍ። አብዛኛው ፋየርፕሌስ ይህን አያሟላም።

መፍትሔው ከምድጃው መውጫ ጋር እኩል ስፋት ያለው የስቴይንለስ ስቲል ቧንቧ ማስገባት ነው። ቧንቧው ከምድጃው ተነስቶ እስከ ጭስ ማውጫው አናት መድረስ አለበት። «ጉሮሮውን (ፋየርፕሌሱ ከጭስ ማውጫው ጋር የሚገናኝበትን ጠባብ ቦታ) ካለፈ ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። እዚያ ካቆመ ጭሱ ከቧንቧው እንደወጣ ሰፊው ቦታ ውስጥ ይበተናል፣ ያው ችግር ይመለሳል። ቧንቧው ሙቀት በሚይዝ መከለያ ቢጠቀለል ደግሞ ጭሱ እስከ ላይ ሞቆ ይወጣል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ርካሽ ምድጃ ግዙ፤ ከቧንቧው ላይ ግን አትቀንሱ።

«ጉሮሮው ላይ ክፍተት ቢቀር ምንም አይደል»

ቧንቧው እንዲያልፍ የድሮው ብረት መዝጊያ ይነሳል ወይም ይቆረጣል። ከዚያ በቧንቧው ዙሪያ ትልቅ ክፍተት ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። ምድጃው ያመነጨው ሙቀት ግን በዚያ ክፍተት እየሾለከ ጭስ ማውጫውን ሲያሞቅ ይውላል። ቤቱን ለማሞቅ የተገዛ ምድጃ ሰማይ ያሞቃል ማለት ነው።

ቦታው በልኩ በተቆረጠ ላሜራ ይዘጋ፤ ከላዩ ከድንጋይ የሚሠራው ሱፍ መሰል መከለያ ይደረግበት። ይህ የማይቃጠል ዓይነት ነው። ለጣሪያ የሚነጠፈውን ተራ የመስታወት ሱፍ ግን እዚያ አታድርጉ፤ ማጣበቂያው በሙቀት ይነዳል። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

«ጡብ አይቃጠልም፤ ስለዚህ ቤቱም አይቃጠልም»

ጡቡስ አይቃጠልም። ከጡቡ ጀርባ ያለው እንጨት ነው የሚያሳስበው። ትክክለኛ አሠራር በግንቡና በቤቱ እንጨት መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። በድሮ ቤቶች ግን እንጨቱ ከግንቡ ጋር ተጣብቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋየርፕሌሱ በዓመት አምስት ቀን ሲነድ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ምድጃ ግን ቀንና ሌት፣ ለወራት ይነዳል። ለዓመታት ደጋግሞ የሞቀ እንጨት ቀስ በቀስ እየከሰለ ይሄዳል፤ ከአዲስ እንጨት ይልቅ በጣም ባነሰ ሙቀትም ይያያዛል። «ሃያ ዓመት ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

ከፊት ለፊት ያሉትንም እዩ። ፋየርፕሌሱ አናት ላይ የእንጨት መደርደሪያ ካለ ምድጃው ከሥሩ ሆኖ ሲለበልበው ይኖራል። ወለሉም እንዲሁ። ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ንጣፍ በር ሲከፈት የሚፈናጠረውን ፍም የሚቀበል ስፋት ይኑረው፤ ቢያንስ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር። ትክክለኛው ርቀት ከምድጃ ምድጃ ስለሚለያይ አምራቹ ያወጣው መመሪያ ይከበር። ላዩ ድንጋይ ሆኖ ሥሩ እንጨት የሆነ ንጣፍም አለና ይህንን አጣሩ።

«ጡብ የሚመስል ሁሉ ግንብ ነው»

አይደለም። አንዳንዱ ፋየርፕሌስ በፋብሪካ የተሠራ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ጡቡ ጌጥ ነው። ውስጡን አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ካሰማ፣ ጣራ ላይም ክብ የብረት ቧንቧ ከታያችሁ፣ ያ ግንብ አይደለም። ለዚያ ሣጥን ተፈትኖ ያልተፈቀደ ምድጃ ውስጡ አይገባም።

«ወደ ውስጥ ጠልቆ ቢገባ ቦታ ይቆጥባል»

ቦታስ ይቆጥባል፤ ሙቀቱን ግን ግንቡ ይበላዋል። በተለይ ፋየርፕሌሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግንቡ የበላው ሙቀት ግማሽ መንገዱን ደጅ ወጥቷል። ወደ ውስጥ ተገጥሞ ፊቱ ብቻ የሚታየው ዓይነት ምድጃ ሙቀቱን የሚያወጣ ማራገቢያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል። ቦታ ካለ እኔ የምመርጠው በእግሩ የቆመና ወደ ክፍሉ ወጣ ያለ ምድጃ ነው።

«ትልቅ ምድጃ ይሻላል፤ ሲሞቅ አየሩን እቀንሳለሁ»

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ትልቅ ምድጃ ትንሽ ቤት ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ ታፍኖ ነው የሚውለው። የታፈነ እሳት አይነድም፣ ይጨሳል። ጭሱም ከላይ ያልነውን ክሪዮሶት ይሆናል። የምድጃው በር መስታወት ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ ምልክቱ እሱ ነው። ትንሽ ምድጃ ደህና አድርጎ ቢነድ ትልቁ ታፍኖ ከሚያጨስ ይሻላል።

«እንጨቱ ተከምሮ ቆይቷል፤ ደርቋል»

ተከምሮ መቆየትና መድረቅ ለየቅል ናቸው። ያልተፈለጠ ግንድ ቅርፊቱ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ሊሆን ይችላል። 10 ኪሎ እንዲህ ያለ እንጨት ስትጨምሩ፣ ምድጃው መጀመሪያ 5 ሊትር ውኃ አፍልቶ መጨረስ አለበት። ቤት የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እንጨቱ ይፈለጥ፣ አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ይደርደር፣ ከላይ ብቻ ይሸፈን። ለስላሳው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይበቃዋል፤ ጠንካራው ሁለት ዓመት ሊፈልግ ይችላል። ግቡ ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ነው። መለኪያዋ ትንሽ መሣሪያ ናት። እንጨቱን እንደገና ፍለጡና አዲሱ የውስጥ ገጽ ላይ ለኩ፤ የውጭው ገጽ ይዋሻል።

«ጭስ መውጫ አያጣም»

ተረቱ እንዲህ ይላል። ጭስ ማውጫው ከቀዘቀዘ ግን ጭስ መውጫ ያጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ እሳት ስትለኩሱ ጭሱ ወደ እናንተ ይመለሳል። መጀመሪያ መስኮት ከፈት አድርጉ። ትልልቁን እንጨት ከሥር፣ ጭራሮውን ከላይ ደርድሩና ከላይ ለኩሱ። ነበልባሉ ወደ ቧንቧው ስለሚቀርብ ቶሎ ያሞቀዋል።

የኩሽና ማራገቢያም ጠላት ነው። ቤቱ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ከሆነ ማራገቢያው ከምድጃው ጋር አየር ይሻማል፤ ካሸነፈ ጭሱን በቧንቧው ቁልቁል ይስበዋል። ያኔ የሚያስፈራው የሚታየው ጭስ አይደለም። ፍሙ ብቻ በቀረበት ሌሊት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ምድጃው ከመለኮሱ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይገዛ፤ አንዱ መኝታ ቤት አካባቢ ይሁን። ይህን ለነገ አታሳድሩት።

«አዲስ ቧንቧ ከገባ መጥረግ ቀረ»

ቀላል ሆነ እንጂ አልቀረም። በዓመት አንዴ ይታይ፣ ጥቀርሻ ካለው ይጠረግ። አዲስ ምድጃ ከመግባቱ በፊትም የድሮው ጭስ ማውጫ በካሜራ ይፈተሽ፤ የተሰነጠቀ የውስጥ ሸክላና የወፍ ጎጆ የሚገኘው ያኔ ነው። አንድ ጭስ ማውጫ ለአንድ ምድጃ ብቻ ይሁን፤ የውኃ ማሞቂያ ጭስ እዚያው ከገባ መለየት አለበት።

አመዱን በተመለከተ፦ ሁሉንም አትጥረጉት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከሥር ቢቀር ፍሙን ያቆያል። የወጣው አመድ ደግሞ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይሁን፤ ባልዲውም ደጅ፣ ከእንጨት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የጠፋ የሚመስል ረመጥ ውስጥ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል።