የመኪና ማስነሻ ቁልፍና የኤሲሲ መስመር

ቁልፉ የሚገባበት ዕቃ፣ ማለትም ማስነሻው፣ ሞተር ለማስነሳት ብቻ የተሠራ ይመስላል። ዋና ሥራው ግን ኤሌክትሪክ ማከፋፈል ነው፤ የትኛው ዕቃ መቼ ኃይል እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ በአብዛኛው የሚወራው አዲስ አበባን ስለሞሏት የቆዩ ቶዮታዎች ነው።

ቁልፉ አራት ቦታ አለው፦ ሎክ (መቆለፊያ)፣ ኤሲሲ (እንደ ሬዲዮ ላሉ ተጨማሪ ዕቃዎች)፣ ኦን (ሁሉም በርቶ)፣ ስታርት (ማስነሻ)። ሎክ ላይ ቁልፉ ሲወጣ መሪው ይቆለፋል። ክላክስና የፓርኪንግ መብራት ግን ከባትሪ በቀጥታ ስለሚያገኙ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖም ይሠራሉ። ኤሲሲ ላይ ሬዲዮና የሲጋራ መለኮሻ፣ ማለትም የዛሬው የስልክ ቻርጀር መሰኪያ፣ ይነሳሉ። ኦን ላይ ፍሬቻ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና ኤርባጉ ይጨመራሉ።

ስታርት ላይ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከ100 አምፒር በላይ ሊስብ ስለሚችል ኤሲሲ ለጊዜው ይቋረጣል። ዜና አንባቢው ወሬውን ሳይጨርስ ጸጥ የሚለው ለዚህ ነው። እጅ ሲለቀው ቁልፉ በስፕሪንግ ወደ ኦን ይመለሳል።

የቶዮታ አሠራር እዚህ ላይ ብልጠት አለው። ከባትሪ የሚመጡት ገቢ ሽቦዎች ሁለት ናቸው። ኤኤም1 የተባለው ኤሲሲንና አይጂ1ን ይመግባል፤ ኤኤም2 የተባለው ደግሞ አይጂ2ንና የሞተሪኖውን ትእዛዝ (አይጂ1ና አይጂ2 ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን ኃይል የሚያገኙ ሁለት መስመሮች ናቸው)። ስለዚህ የኤኤም2 ፊውዝ ከተቃጠለ ሬዲዮው እየዘፈነ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሪኖ ያስፈታል።

ውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ከዓመታት በኋላ ይበላሉ። የኔዋ መኪና ጉድጓድ በነካች ቁጥር ሬዲዮዋ ይጠፋ ነበር። አንድ ጋራዥ "ባትሪ ነው" ብሎ አዲስ አስገዛኝ። ኋላ ቁልፉን በጣት ወዝወዝ ሳደርገው ሬዲዮው ጠፋ፣ መልሶ በራ። የተበላው ማስነሻው ራሱ ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። ካዲላክ በ1912 እ.ኤ.አ. በቻርልስ ኬተሪንግ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ ማለትም ሞተሪኖውን፣ አስገባ። ቁልፍ በማዞር ብቻ ማስነሳትን ያመጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ክራይስለር ነው ይባላል።

የማስነሻው አስፈላጊነት ለዓለም የታየው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ ኮባልት የተባለውን ሞዴሉን ጨምሮ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ማስነሻው ልል ስለነበር፣ የተንዠረገገ የቁልፍ ማያያዣ ወይም ጉልበት ቢነካው፣ ቁልፉ መንገድ ላይ ከኦን ወደ ኤሲሲ ይንሸራተት ነበር። ያኔ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ኤርባጉም አይፈነዳም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሟቾችን የካሳ ጥያቄ ተቀብሏል።

አዳዲሶቹ መኪኖች በሚዞር ቁልፍ ፈንታ የሚጫኑት አዝራር አላቸው። ፍሬን ሳይረገጥ አንዴ ሲጫኑት በብዙዎቹ ኤሲሲ፣ ሲደግሙት ኦን ይሆናል። ፍሬን ተረግጦ ሲጫን ሞተሩ ይነሳል።