የብሪታንያ የእንፋሎት ባቡሮች ውበት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የድሮ ባቡር ሁሉ ጥቁር ነበር»

ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ያሳሳቱን ይመስለኛል። የባቡር ኩባንያዎቹ በቀለም ጭምር ነበር የሚፎካከሩት። የሚድላንድ ኩባንያ ሎኮሞቲቮች (ባቡር ጎታች ሞተሮች) ጠቆር ያለ ቀይ፣ የካሌዶኒያን ደግሞ ሰማያዊ ነበሩ። ግሬት ዌስተርን አረንጓዴ ይቀባና የጭስ ማውጫውን አናት በሚያብረቀርቅ መዳብ ያስጌጥ ነበር። ከለንደን እስከ ብራይተን የሚሠራው ኩባንያ ወርቃማ ቢጫ ነበር የሚቀባው። በ1882 የተሠራችው ግላድስተን የተባለች ሎኮሞቲቭ ያንን ቀለም ለብሳ እስከ ዛሬ አለች። ጥቁር የሚቀቡትም ቢሆኑ ዝም ብለው አልነበረም፤ በቀይ፣ በክሬምና በግራጫ ቀጫጭን መስመሮች ያሳምሩት ነበር።

«ዛሬ የምናየው መልክ የጥንቱ ነው»

እዚህ ላይ ፍላይንግ ስኮትስማን የተባለችውን ዝነኛ ሎኮሞቲቭ ማየት ነው። በ1923 ከዶንካስተር ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ 1472 ነበር፤ ዝነኛውን 4472 ያገኘችው በ1924 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥቁር ተቀባች። በ1947 ቦይለሯ (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ክፍል) ተቀየረ። ከዚያ ባቡሮቹ በመንግሥት እጅ ሲገቡ 60103 ተባለች፤ በኋላም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተቀባች። ከቦይለሩ ግራና ቀኝ የቆሙት የጭስ መከላከያ ብረቶች የተገጠሙላት በ1961 ነው፤ በ1963 ከሥራ ወጣች። ብዙ ሰው የሚወዳት ግን ከጦርነቱ በፊት በነበራት ፈካ ያለ አረንጓዴ ነው። እኔም ቀለሙን እወደዋለሁ። ሆኖም ያ ቀለምና እነዚያ ብረቶች በሥራ ዘመኗ አንድም ቀን አልተገናኙም። በ2016 ታድሳ ስትመለስ ጠቆር ያለው አረንጓዴ መመረጡ ትክክል ነው እላለሁ። አካሏ የዚያ ዘመን ነዋ!

«ሾጣጣው ሽፋን ለፍጥነት ብቻ ነው»

ማላርድ የተባለችው ሎኮሞቲቭ በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ስትበር አካሏን የሸፈነው ሾጣጣ ብረት በርግጥ አግዟታል። ግን ሌላም ሥራ ነበረው፤ ጭሱን ወደ ላይ እየገፋ የሹፌሩን እይታ ይጠብቅ ነበር። በመንኮራኩሮቹ ላይ የነበረው የሽፋኑ ክፍል ለጥገና ስላስቸገረ በጦርነቱ ጊዜ ተነሣ።

«በመጨረሻው ዘመን ስለ ውበት የሚጨነቅ አልነበረም»

ኢቪኒንግ ስታር በ1960 ቀድሞ የግሬት ዌስተርን በነበረው የስዊንደን ፋብሪካ ተሠራች፤ የብሪታንያ ባቡር ድርጅት የሠራት የመጨረሻዋ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ናት። ዓይነቷ የጭነት ስለሆነ እንደ እኅቶቿ ጥቁር መቀባት ነበረባት። የስዊንደን ሰዎች ግን አረንጓዴ ቀቧት፤ ጭስ ማውጫዋንም እንደ ግሬት ዌስተርን ዘመን በመዳብ አስጌጡላት።