ቤት ልንገዛ ስንነሳ የምናምናቸው ነገሮችና እውነታው

ጤፍ ልትገዛ እህል በረንዳ የሄደች እናት ከጆንያው አንድ ጭብጥ ዘግና በመዳፏ ታሸዋለች፣ አፈር አለው የለውም ብላ ታያለች፣ ከጎኑ ካለው ጆንያ ጋር ታስተያያለች፤ ዋጋ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺው እናትና ባለቤቷ የዓመታት ጥሪታቸውን ይዘው ቤት ሊገዙ ሲወጡ ግን፣ «ነገ ሌላ ገዢ ሊያየው ቀጠሮ አለው» በሚል የደላላ ቃል በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወስናሉ። ሞኝነት አይደለም። ስለ ቤት ግዢ ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤትና ከለቅሶ ድንኳን የሰማነው ብዙ ስለሆነ የምናውቀው ይመስለናል። ከሰማናቸው መካከል ብዙ ዋጋ የሚያስከፍሉትን ላንሳ። የማወራው በዋናነት ስለ አዲስ አበባ ነው፤ በክልል ከተሞች መመሪያውና የአገልግሎት ክፍያው ሊለይ ይችላል።

«ካርታ አለው፣ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?»

ካርታ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በስሙ ካርታ የተሰጠውን ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ይህ ግምት ግን በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ነው፤ ካርታው ላይ የማይነበቡ ጉዳዮችም አሉ። ቤቱ ለባንክ ብድር መያዣ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በወራሾች ክርክር ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። ደላላው በስልኩ የሚያሳየው የካርታ ፎቶ ይህን አይነግርም፤ የሚነግረው በመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ያለው ፋይል ነው። ስለዚህ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሻጩ ራሱ እንዲያወጣ መጠየቅ ነውር የለበትም። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ ያጋጠመው ገዢ ሌላ ቤት ቢፈልግ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በትዳር በኩል ነው። ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ ሊኖር ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በአንቀጽ 63 ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይነሳል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሚስት ሳትፈርም የተሸጠ ቤት፣ ሚስት በሰማች ማግስት ፍርድ ቤት ይደርሳል። ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ያላገባ ማስረጃውን ከወረዳው ያምጣ። «ፈትቻለሁ» ካለ የፍቺውን ውሳኔና ንብረት የተከፋፈሉበትን ሰነድ ያሳይ። «ከአባቴ የወረስኩት ነው» ካለ የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ ይምጣ፤ ሌሎች ወራሾች ካሉም አብረው ይፈርሙ።

መሬቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በአገራችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ይህ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የተደነገገ ነው። የሚገዛው ቤቱና የመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ እንዳለፈና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ እንዳለ መጠየቅ ይገባል፤ ቀሪው ክፍያ ቤቱን ተከትሎ ይመጣልና።

«ቀብድ ከፍያለሁ፣ ቤቱ ተይዟል»

አልተያዘም። ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ ሕጉ ለሁለቱም ወገን መውጫ በር ትቶላቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ገዢው 100 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቷል። በሳምንቱ ሌላ ሰው መጥቶ ዋጋውን በ500 ሺህ ብር ከፍ አደረገ። ሻጩ 200 ሺህ ብር ይመልሳል፤ ከእነዚህ ውስጥ 100 ሺሁ ከመጀመሪያውም የራሱ አልነበረም። 400 ሺህ ብር አትርፎ፣ ሕግ ሳይጥስ ከውሉ ይወጣል። ዋጋ በየወሩ በሚንር ከተማ ውስጥ ትንሽ ቀብድ ማንንም አያስርም። መድኃኒቱ በቀብዱና በዋናው ውል መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር፣ ካልሆነም ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን መቀጫ ከፍ አድርጎ በጽሑፍ መስማማት ነው።

«ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው፣ ሁላችንም እንጠቀማለን»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠቀመው አንድ ወገን ብቻ ነው። በ8 ሚሊዮን ብር የተሸጠ ቤት ለግብርና ለቴምብር እንዲቀል በ2 ሚሊዮን ብር ይጻፋል እንበል። ቀሪው 6 ሚሊዮን በእጅ ወይም በሦስተኛ ሰው ሒሳብ ይተላለፋል። ከዓመት በኋላ ውጭ አገር የነበረች የሻጩ ባለቤት መጥታ ሽያጩን ታስፈርሳለች። ውል ሲፈርስ ሁለቱ ወገኖች ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ገዢው ቤቱን ያስረክባል፣ ሻጩ ዋጋውን ይመልሳል። የትኛውን ዋጋ? ውሉ የሚያውቀው 2 ሚሊዮን ነው። ገዢው «እነ ጋሼ አሉ፣ ሲቆጠር አይተዋል» ቢል፣ በጽሑፍ የሰፈረን የውል ቃል በሰው ምስክር ማስተባበል በሕጋችን እጅግ ጠባብ በር ነው። በዚያ ላይ ከተማው የስም ማዛወሪያ ክፍያ ሲያስብ የራሱን የቤት ግምት ስለሚጠቀም፣ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈው ዋጋ ያን ያህል ወጪ ላይቀንስ ይችላል። የሌላ ሰው ግብር ለማቃለል 6 ሚሊዮን ብርን ያለ ማስረጃ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

«ሦስት ምስክር ያለበት የሰፈር ውል ይበቃል»

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይናገራል። ሕዝቡ አሁንም «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ያለው ለዚህ ነው። ከዚያም ስሙ በመዝገብ እስካልዞረ ድረስ ሽያጩ ከሻጩና ከገዢው ውጭ ባለ ሦስተኛ ወገን ላይ መከራከሪያ አይሆንም። ሽማግሌ ለእርቅ እንጂ ለቤት ሽያጭ አይበቃም።

«ውክልና ሰጥቶኛል፣ ስሙ በኋላ ይዞራል»

ይህ በኮንዶሚኒየም ገበያ የተለመደ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ስላለበት ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጣል። ገዢው ቁልፉን ይዟል፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሷል፣ የልጆቹን አልጋ አስገብቷል፤ በሕግ ዓይን ግን የሌላ ሰው ወኪል ነው። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል። ከሞተ ደግሞ ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮት ያበቃል፤ ቤቱን የሚጠይቁት ወራሾቹ ይሆናሉ። በወኪል በኩል ከሚሸጥ ማንኛውም ሰው የሚገዛም ሁለት ነገር ይይ፦ ውክልናው «ቤት እንዲሸጥ» ብሎ በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ውክልና መሆኑን፣ እንዲሁም ወካዩ ዛሬ በሕይወት ያለና ውክልናውን ያልሻረ መሆኑን።

«ቅድመ ክፍያው ከሞላ ቀሪው ይገፋል»

አይገፋም፤ ይጎተታል። በመጀመሪያ ባንክ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ ባወጣው ግምት ላይ ነው፤ ግምቱ ከገበያው ሲያንስ ልዩነቱ ከገዢው ኪስ ይሞላል። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የባለቤትነት ዝውውር ቴምብር 2 በመቶ ነው፤ የከተማው የአገልግሎት ክፍያና ብዙ ጊዜ 2 በመቶ የሚሆነው የደላላ ኮሚሽን ይከተላሉ። ቤቱ «ሴሚ ፊኒሽድ» ከሆነ ደግሞ ሴራሚኩ፣ በሩ፣ ጅብሰሙ፣ የወጥ ቤት ካቢኔቱና ቁም ሳጥኑ ሁሉ ገና ነው።

ከዚያ ወርሃዊው ክፍያ ይመጣል። 3 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የተበደረ ቤተሰብ በየወሩ 41 ሺህ 700 ብር ገደማ ይከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 40 ሺሁ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1 ሺህ 700 ብር ብቻ ነው። ሃያ ዓመቱ ሲያልቅ የተከፈለው በድምሩ 10 ሚሊዮን ይደርሳል። በዚህ ምክንያት አትበደሩ አልልም፤ ከመፈረም በፊት ግን ቤተሰቡ ክፍያውን በተግባር ቢለማመደው እመክራለሁ። ኪራዩ 18 ሺህ ብር ከሆነ፣ ልዩነቱን 23 ሺህ 700 ብር በየወሩ ደመወዝ በገባበት ቀን ወደማይነካ ሒሳብ ማዛወር ነው። ከነሐሴ እስከ ጥር ቢሆን ደግሞ ፈተናው እውነተኛ ይሆናል፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ገና ሁሉም በዚህ መካከል ያልፋሉ። በጥቅምት ዘይትና በርበሬ በብድር የሚገዛበት ቤት አቅሙን አውቋል ማለት ነው። የማይነካው ሒሳብ ሌላም ጥቅም አለው፦ ዕቁብ ሰውን ቁጠባ ቢያስተምርም ባንክ አያየውም፤ በየወሩ የሚንቀሳቀስ ሒሳብን ግን ያያል።

«ካሬው ውሉ ላይ ተጽፏል»

የቱ ካሬ? ብዙ አልሚዎች የሚሸጡት ጠቅላላ ስፋቱን ነው፤ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ አብሮ ይታሰባል። 100 ካሬ ተብሎ የተገዛ ቤት ውስጥ ሜትር ሲዘረጋ በጉልህ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው የተጣራ ስፋት ለብቻው በውሉ ይጻፍ።

ቤቱን ማየት ደግሞ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ደላላው መጋረጃ ገልጦ ባለበት ሰዓት ብቻ መሆን የለበትም። በሥራ ቀን ማታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ራት በሚሠራበት ሰዓት ሄዶ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ መከፈት አለበት። ውኃው የሚመጣው ከመስመሩ ነው ወይስ ከሮቶ? ሮቶው የማን ነው? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ቆጣሪው ስንቴ እንደሚወድቅ የምታውቀው ጎረቤት ናት፣ እርሷን መጠየቅ ነው። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲመጣ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ በግ የት እንደሚታረድም እዚያው ይጠየቅ። ብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለዚህ የተሠራ የጋራ መገልገያ ቤት አላቸው፤ ለምን ዓላማ እንደዋለ በዓይን ማየት ይሻላል።

«ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው»

ከላይ ባለው ምሳሌ በመጀመሪያው ወር የሚከፈለው 40 ሺህ ብር ወለድም የገንዘብ ኪራይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውልን ያስገድዳል፣ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅንም ይከለክላል። ያልደረሰን ግዢ ከማጣደፍ በዚህ ጥላ ሥር መቆየት የሚያዋጣው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

«ውጭ አገር ስላለሁ በወንድሜ ስም ልግዛ»

ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የምትልክ እህት ይህን ስልክ ታውቀዋለች፦ «እህቴ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ ወረቀት እስኪያልቅ ቤቱ ያመልጠናል፤ በእኔ ስም እንያዘው፣ ስትመጪ እናዞረዋለን።» ወንድሟ ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባለትዳር ከሆነ፣ በስሙ የገባው ቤት በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 የእርሱና የሚስቱ የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። ቢፋቱ ቤቱ ለክፍፍል ይቀርባል፤ ቢሞት ልጆቹ ይወርሱታል። እህት ደግሞ «ገንዘቡ የእኔ ነበር» ለማለት የሐዋላ ደረሰኝ ፍለጋ ትገባለች።

በስሟ ለመግዛት የሚከለክላት ነገር የለም። የኢትዮጵያ ዜግነቷን ያልቀየረች ሴት የትም ብትኖር በስሟ ትገዛለች። የውጭ አገር ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላቸው፣ የውጭ ዜጋን የቤት ባለቤትነት የሚገድበው ሕግ እንደማይመለከታቸው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደንግጓል። ወንድሟ የሚያስፈልገው እንደ ወኪል ነው። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይፈረማል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ቃሉም «ቤት እንዲገዛልኝ፣ ውሉን በስሜ እንዲፈርምልኝ፣ ካርታውን በስሜ እንዲያወጣልኝ» በሚለው ይወሰን፤ ከተዘጋጁ ጽሑፎች የማይጠፋው «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያሲዝ» የሚለው ሐረግ ከፊርማ በፊት ይሰረዝ። ገንዘቡም በወንድሟ እጅ ሳይዞር ከራሷ ሒሳብ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይግባ፤ የዝውውሩ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ የቤቱ የካርታ ቁጥር ይስፈር።